የዋንዛ ከዘራ

ሌባ ሲባል ሰው ሁሉ አጥር የዘለለ፣ በር የሰበረ ነው የሚመስለው። እኔ የሰረቅኩት ከገዛ ቤታችን፣ ከአባቴ አልጋ ራስጌ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። እሱ ገላውን እየታጠበ ነበር። የውሃው ድምፅና የሱ ማንጎራጎር እስከ መኝታ ቤቱ ይሰማል። ከዘራውን አነሳሁ፣ በቦታው ሌላ ከዘራ አስቀመጥኩ፣ የሱን በነጠላ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ይኸው ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ከነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ግን እስካሁን አልወጣሁም።

ስለ ከዘራዋ መጀመሪያ ልንገራችሁ። የወይራ ናት። አባቴ በወጣትነቱ አስተማሪ ሆኖ ወደ ደቡብ ሲመደብ፣ ከጎጃም ሲነሳ፣ አያቴ በእጃቸው የሰጡት ናት። ጥቁር ቡናማ፣ ከባድ፣ ጫፏ ላይ ብረት የተገጠመላት። ከቆልማማው እጀታ አንድ ጋት ዝቅ ብሎ አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ከዘመን ብዛት ጎድጉዷል። ልጅ ሆኜ ጣቴን እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ሳስገባ "ውጪ ከቤቴ!" ይለኝ ነበር እየሳቀ።

ሐዋሳ ውስጥ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ሞልቷል። አንዱ ለመደገፊያ ይይዛል፣ ሌላው ለማዕረግ፣ ሌላውም እንዲሁ ለልማድ። የኔ አባት ግን ዱላ ያውቃል። ዱላ ያውቃል ስላችሁ ተደባዳቢ ነው ማለቴ አይደለም፤ ያን ሁሉ ዘመን ሲያስተምር አንድ ተማሪ ገርፎ አያውቅም። በተወለደበት አገር በበዓል ቀን ጎረምሶች ሜዳ ወጥተው ምክቶሽ ይጫወቱ ነበር። አንዱ በሽመል ይሰነዝራል፣ ሌላው ይመክታል። የሚደነቀው የመታው ሳይሆን የመከተው ነው። አባቴ ያን ጨዋታ ወደ ከዘራ አመጣው። ሽመል ይዤ ክፍል ብገባ ያባርሩኛል፣ ከዘራ ግን ማን ይከለክለኛል ይላል።

እኔንም አስተምሮኛል። እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ባለችው ግቢያችን፣ ከፓፓያው ሥር፣ መጥረጊያ እንጨት አስይዞ። እናቴ ነፍሷን ይማርና "ደግሞ ሴት ልጅ ዱላ ምን ያደርግላታል?" ብትለው፣ "ውሻ ሴት ናት ብሎ ይምራታል እንዴ?" አላት። ትምህርቱ ሁልጊዜ ከእግር ነው የሚጀምረው። ግራ እግር ወደ ኋላ፣ ጉልበት ለቀቅ። ከዚያ አያያዝ። እጀታዋን መጨበጥ የለም፤ አንድ ጋት ዝቅ ማለት ነው፣ ያኔ ቆልማማው የእጅ አንጓን ይሸፍናል። ከዚያ የራስ ምከታ፣ የጎን ምከታ፣ የእግር ምከታ። የመጨረሻው መንጠቆ ነው፤ ከዘራዋን ገልብጦ በቆልማማው የሰውየውን ቁርጭምጭሚት መሳብ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ነበረች፣ ሳይሰለች የሚደጋግማት። "ከዘራ ሆድ አላት፤ መሀሏ ነው። የመጣብሽን በሆዷ አትቀበዪ፣ ትሰበራለች። እጅሽ አጠገብ ተቀብለሽ አንሸራትቺው። ከመጣብሽ ዱላ ጋር አትጣዪ፣ መንገድ አሳዪው።"

የአባቴ የዱላ ጓደኛ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን ናቸው። የሲዳማ ሰው ናቸው፣ ፕሮቴስታንት፣ ሥራ ያቆሙ አናጢ። የሰፈሩ ግማሽ በርና መስኮት የሳቸው እጅ ሥራ ነው። እሑድ አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እሳቸው ወደ ቸርቻቸው ይሄዳሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሁለቱም እኛ ግቢ ናቸው። እሳቸው ረጅሙን በትራቸውን፣ አባቴ ከዘራውን ይዞ ይገጥማሉ። ቀስ እያሉ፣ እየሳሉ፣ እየተሰዳደቡ። "አንተ ሰው፣ መዶሻ መሰለህ እንዴ የያዝከው?" ይላል አባቴ። "አንተስ ጠመኔ መሰለህ?" ይሉታል። ሲደክማቸው በየፊናቸው ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሻይ ይጠጣሉ፤ አንዱ የሌላውን አይነካም። በሳቸው ዘንድ የሽማግሌን በትር ሌላ ሰው ሳይፈቀድለት አያነሳም፣ ወድቆ እንኳ ቢያየው ባለቤቱን ይጠራል እንጂ። አባቴ ይህን ደንብ ስለወደደው የቤታችንም ደንብ አደረገው። በሠላሳ ዓመት ጉርብትና እኚህ ሰውዬ የአባቴን ከዘራ አንድ ቀን በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ይህችን ያዙልኝ፤ የኔ ተንኮል የተሳካው በሷ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሐይቅ ዳር ነው። አባቴ ስኳር አለበት፤ ሐኪሙ ተራመድ ስላለው ጠዋት ጠዋት እስከ ሐይቁ በእግሩ ይሄዳል። እጅህም ቀስ በቀስ ሊደነዝዝ ይችላል ብሎት ነበር ሐኪሙ፣ ጣቶቹንም አንዳንዴ ይነዝረው ነበር። አንድ እሑድ አብሬው ወጣሁ። እሱ ውሃው ዳር ቆሞ ወፎቹን ያያል፣ እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ የተጠበሰ በቆሎ እመርጣለሁ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ከኋላው በጣቱ ጫፍ እየረገጠ መጣና የአባቴን ሁለት ዓይኖች በመዳፉ ሸፈነ። ማነኝ? ገምት! መሆኑ ነው። "ኧረ ተው!" ልል አፌን ስከፍት አባቴ ከዘራዋን ገልብጧታል። ቆልማማው የሰውየውን ቁርጭምጭሚት ያዘ፣ ሳበ፣ ያ ሁሉ ሥጋ በጀርባው ዘጭ አለ። አባቴ ዞሮ፣ ግራ እግሩን ወደ ኋላ አድርጎ፣ የከዘራዋን ጫፍ ከሰውየው ጉሮሮ አንድ ስንዝር ላይ አቁሞ፣ "ተነሣ፣ ግን ቀስ ብለህ" አለው።

ሰውዬው የቀድሞ ተማሪው ነበር። ከዚህ በኋላ ግን እሳቸው ልበላቸው፣ ምክንያቱም የምሠራበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው።

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። እሳቸው ግን አቧራቸውን አራግፈው፣ ክርናቸው ተልጦ፣ እየሳቁ ጎንበስ ብለው የአባቴን ጉልበት ሳሙ። "መምህር፣ ዛሬም አልቻልንዎትም!" አሉት። በማግስቱ ቢሮ ለገባ ሰው ሁሉ አወሩት። ለሳቸው ጨዋታ ነበር። እኔን ግን ኮሪደር ላይ ሰው ባየኝ ቁጥር እጁን አንስቶ "አትምቺን!" ይለኛል፣ ይስቃል፣ አብሬ እስቃለሁ። ያን ሰሞን የደረጃ ዕድገት እጠብቅ ነበር። ይኸው፣ እውነቱን ተናገርኩት። ለዘመድ ሳወራ "ነገ ሕፃን ቢመታስ? ሰው ቢገድልስ?" እል ነበር፤ እሱም አልነበረበትም አልልም። ግን ከሱ በፊት የመጣው የኔ እፍረት ነው።

"አባዬ፣ ይቺን ከዘራ ተዋት፣ ቀለል ያለች ልግዛልህ" አልኩት።

"ለምን ሲባል?"

"ሰው ትጎዳለህ።"

"ማንን ጎዳሁ? ሰውዬው ጉልበቴን ስሞ ሄደ።"

"ብትወጋቸውስ ኖሮ?"

"ጫፏ የት እንደቆመች አላየሽም?" አለኝ።

አይቻለሁ። አንድ ስንዝር ላይ ነው የቆመችው፣ አልተንቀጠቀጠችም። እኔ ደግሞ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት፣ በተለይ መልስ ሳጣ። በሩን ደርግሜው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳስበው ራሴን አላውቀውም። ጎረቤታችን ዘንድ ብሄድ ለምን ብለው ይጠይቁኛል ብዬ፣ ከተማው ሌላ ዳር ያለ የቤት ዕቃ ሠሪ ጋ ሄድኩ። የከዘራዋን ፎቶ አሳየሁት፣ ቁመቷን በክር ለክቼ ወሰድኩለት፣ በዋንዛ ሥራልኝ አልኩት። ዋንዛ ቀላል ነው፤ ሰው ላይ ቢያርፍ እንኳ ብዙ አይጎዳም ብዬ። ተመሳሳይ ብረት አስገጠምኩላት። ቤት አምጥቼ፣ አባቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት፣ በጫማ ቀለም ደጋግሜ ቀባኋት። በወይራዋ ላይ ያሉትን ጭረቶች አንድ በአንድ እያየሁ በወጥ ቤት ቢላ አወጣሁላት። የጣቱን ጎድጓዳ ግን በብርጭቆ ወረቀት ብፈትግ ብፈትግ ልኳ አልመጣም። ግድ የለም፣ ጣቱ ደንዝዟል፣ አያውቅም አልኩ። የአባቴን በሽታ ለሌብነቴ ረዳት አደረግኩት።

ገላውን ታጥቦ ወጣ፣ ለበሰ፣ ከዘራዋን አንስቶ ግቢ ወረደ። እኔ በመስኮት አያለሁ። አሁን ይጮኻል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ሁለት ሦስቴ በአየር ላይ ነቀነቃት። ቆመ። አልጮኸም። ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ አየው፣ ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። ከዘራዋን ወደ ግራ እጁ አዛወራት፣ መልሶ ወደ ቀኝ።

"ምን ሆነሃል አባዬ?" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

"ክብደቷ አልሰማ አለኝ" አለ። "ያ ሐኪም ያለው ነገር ደርሶ ይሆናል። አውራ ጣቴም ቦታውን አጣው። እጄ እየሞተ ነው መሰለኝ ልጄ።"

አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እጅህ ደህና ነው፣ ሌባዋ እኔ ነኝ። እኔ ግን "ሐኪም ቤት እንሂድ?" አልኩት፤ እሱ ደግሞ ስላሰብኩለት መረቀኝ።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ከጎረቤታችን ጋር ገጠሙ። በከባድ እንጨት የተማረ እጅ ቀላል ሲይዝ ይቸኩላል፤ ምከታው ከምቱ ቀድሞ ይደርስና ያልፋል። የጎረቤታችን በትር ዝም ብሎ መጥቶ የአባቴ ትከሻ ላይ አረፈ። አልመቱትም፣ ነካ ነው ያደረጉት። እሳቸው የደነገጡት ይብሳል። "እንዴ መምህር! አውቀህ ነው?" አሉት። እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና ነካው። አባቴ ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደግፎ "ከዛሬ ወዲያ ይብቃን" አለ። በሱ ቤት ያረጀው በዚያች ቀን ነው።

ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በየዓመቱ ጎረቤታችን ይዘውት በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሜዳ ይወርዳሉ። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ይዘው ሲዘምሩ አባቴ ቋንቋውን በተሰባበረ አፉ እየተከተለ ከዘራውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ሲመለስ ድምፁ አይኖርም። በዚያ ዓመት ጎረቤታችን አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ሲመጡ ከወንበሩ አልተነሣም። "በትር ከያዘ ሰው መሀል ዱላው የማይሰማው ሰው ምን ይሠራል?" አላቸው። ለመኑት፣ ተቆጡት፣ እምቢ አለ። ብቻቸውን ሄዱ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እንባዬን በሽንኩርቱ አሳብቤ።

ታዲያ ለምን አልመለስሽለትም ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠየቅኩት። ከዘራዋ እኔ ክፍል ቁም ሣጥን ላይ፣ በነጠላ እንደተጠቀለለች ናት። አንድ ቀን ገላውን ሲታጠብ መልሼ መቀየር እችል ነበር። ግን ያን ጊዜ ክብደቷ ሲመለስ ያውቃል፣ ያኔ ምን እለዋለሁ እያልኩ ቀን ገፋሁ። የደረጃ ዕድገቱም መጣ። ኃላፊያችን "የመምህር ልጅ" እያሉ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ።

ከዚያ ውሾቹ መጡ። አባቴ ከሐይቁ ሲመለስ ሦስት ውሾች ተከተሉት። ያዩት የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው የነገሩኝ። ሽማግሌው አልሮጡም አሉኝ፣ ዞረው ቆሙ፣ እግራቸውን አመቻቹ። የመጀመሪያው ውሻ ሲዘል በከዘራቸው ተቀበሉት፣ ከዘራው እንደ ሸንኮራ ቀሽ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ተደግፈውት ስለነበር አብረውት ወደቁ። ሾፌሮቹ ውሾቹን በድንጋይ አባረው፣ ከኪሱ ስልኩን አውጥተው ደወሉልኝ። ስደርስ አስፋልቱ ዳር ተጋድሟል፣ ግማሿን ከዘራ በእጁ እንደያዘ ነው። ጭኑ ተሰብሮ ነበር።

ኦፕራሲዮን ተደረገለት፣ ከሳምንታት በኋላ ቤት ገባ። ሐኪሙ ብረቱን ደጋፊ፣ ያንን አራት እግር ያለውን፣ ሰጠንና አጥብቆ ነገረኝ። በእጁ እየተደገፈ በየቀኑ ካልቆመ ሁለተኛ አይቆምም አለኝ። አባቴ ብረቱን አየው፣ እጁን አየው። "ከዘራ መያዝ ያቃተው እጅ እኔን ይይዛል?" አለ። አልቆምም አለ። የሾርባ ማንኪያ እንኳ ተወ፤ "እጄ አይታመንም፣ አንቺው አጉርሺኝ" ይለኛል። ያ አንድ ስንዝር ላይ ያልተንቀጠቀጠ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ ይውላል፣ እኔ አጎርሰዋለሁ።

ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ የሚናገረው ያንኑ ነው። "ውሻው ምን አደረገ! እኔ ነኝ እንጂ። በሆዷ ተቀበልኩ። ልጄን ስንት ዘመን ያስተማርኩትን ራሴ ረሳሁት። የአባቴን ከዘራ በገዛ እጄ ሰበርኳት።" እንግዳው ከንፈሩን ይመጥጣል። ኃላፊዬም ብርቱካን ይዘው መጥተው አለቀሱ። አባቴ ላልተሰበረች ከዘራ ለቅሶ ተቀምጧል፣ እኔ ለለቀስተኛው ሻይ እቀዳለሁ። አንጀቴ ተበጠሰ ብል ማን ያምነኛል?

አንድ ቀን ጎረቤታችን "ስባሪዋን ስጠኝ፣ ልሞክራት" አሉት። አባቴ "አንተ ያዛት፣ ፈቅጃለሁ" አላቸው። የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ይዘዋት ሄዱ። ማግስቱን እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ሳለሁ ከኋላ በር ገቡ። ሁለቱን ስባሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ የተሰበረው ወደ ላይ፣ ነጣ ብሎ።

"ልጄ፣ ወይራ ውስጡ እንዲህ ነው?" አሉኝ።

እጄን በጨርቅ ጠረግኩ።

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ነው የያዝኩት። ይሄ ዋንዛ ነው። የጫማ ቀለም ይሸታል።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አባትሽ የኔን በትር መመለስ ሲያቅተው እጁ ነው ብዬ አዘንኩ። ጌታ ሆይ፣ እጁን አድስ ብዬ ጸለይኩ። ለካ እግዚአብሔርን የማይመለከተው ነገር ነው የለመንኩት።"

"ጋሼ፣ እኔ ክፉ አስቤ አይደለም..."

"እሱን ለሱ ንገሪው። እኔ አልነግረውም። ከጠየቀኝ ግን አልዋሽለትም።" ስባሪዎቹን ትተውልኝ ወጡ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ዛሬ ትኩሳት አለው፣ ዛሬ እንግዳ አለ፣ ዛሬ ደስ ብሎታል አላበላሽበትም፣ ዛሬ ከፍቶታል አልጨምርበትም። ምክንያት አላለቀብኝም። ጎረቤታችን በየቀኑ ይመጣሉ፣ ያዩኛል፣ ዓይኔን አሸሻለሁ። በመጨረሻ የተናገርኩት ጀግና ሆኜ አይደለም። አንድ ቀን ከሰዓት ብርጭቆ አፉ ላይ አድርጌ ውሃ ሳጠጣው አገጩ ላይ ፈሰሰበት፣ እሱም "ይቅርታ ልጄ፣ አስቸገርኩሽ" አለኝ። ይቅርታ እሱ ጠየቀኝ! ብርጭቆውን አስቀምጬ አልጋው ሥር ተንበረከክሁ። ጎረቤታችን ወንበሩ ላይ ነበሩ።

"አባዬ፣ የሰበርከው ያንተን ከዘራ አይደለም። እኔ ቀይሬብሃለሁ። ዋንዛ ነበረች፣ ለዚያ ነው ክብደቷ ያልተሰማህ። እጅህ ምንም አልሆነም።" ሁሉንም ተናገርኩ፤ ኃላፊዬን፣ ዕድገቱን፣ የጫማ ቀለሙን፣ ቢላውን።

ስድብ ጠበቅኩ። እርግማን ጠበቅኩ። አባቴ ግን ወደ ጎረቤታችን ዞሮ "እውነቷን ነው?" አላቸው።

"እውነቷን ነው። ዋንዛ ነው" አሉት።

"እጄ አልነበረም!" አለ። ትራሱ ላይ ቀና አለ፣ ለብቻው፣ ማንም ሳይዘው። "ሰማህ አንተ አናጢ? እጄ አልነበረም! ወይራ ቢሆን ኖሮ ያ ውሻ ... ውይ ውይ! ዋንዛ ይዤ ነው እንዴ የገጠምኩህ? አፍረህ መሞት ነበረብህ!" ሳቀ፣ አሳለው፣ እንደገና ሳቀ። እኔን አልተቆጣኝም። እያየኝም አልነበረም። ወራት ሙሉ ሞቷል ያለው እጁ ነበር የተነሣው፣ እሱን ነበር የሚያየው። ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር።

"አምጫት" አለኝ። "የት ናት?"

ሮጥኩ። ነጠላውን እዚያው ፈትቼ ጣልኩና ከዘራዋን በሁለት እጄ አቀረብኩለት። ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ ከእጀታው አንድ ጋት ዝቅ አድርጎ ሊይዝ። ክንዱ ከእጅጌው ሲወጣ ያኔ ነው ያየሁት፤ እኔ እያጎረስኩት ያ ክንድ አልቆ ሟምቷል። ያዛት። ለራስ ምከታ ሊያነሣት ሞከረ። ከብርድ ልብሱ ትንሽ ከፍ አለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ወደቀች። እንደገና ሞከረ። የእጁ አንጓ እምቢ አለው።

ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁ። ከዚያ ከዘራዋን ገፋ አደረጋት።

"ይቺ የኔ አይደለችም" አለ። "የኔ እንዲህ አትከብድም። ይቺንም ቀይረሻታል።"

ጎረቤታችንን አየሁ። ወለሉን ያያሉ። ያንተው ናት ብዬ ብነግረው፣ እውነቱ ያ ነው፤ እጁን ግን አሁን በእርግጥ እቀብረዋለሁ። እውነት ብናገርም የሚያምነኝ ሰው አልነበረም፣ ያንን ያደረግኩት ራሴ ነኝ። "አዎ አባዬ፣ ተቀላቅሎብኝ ነው" አልኩ። "ያንተዋን እፈልጋታለሁ።"

ጎረቤታችን ተነሡ፣ በትራቸውን ይዘው ወጡ። አባቴ አልጠየቃቸውም። ቢጠይቃቸው ኖሮ እንደማይዋሹ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ማንኪያውን ከእጄ ቀማኝ። "እጄ ደህና ነው፣ ከዘራዬን የጣልሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። ከሳምንት በኋላ ብረቱን ይዞ ቆመ። አሁን እስከ በረንዳው ይደርሳል። በረንዳ ላይ ተቀምጦም ያቺን "የሰው ከዘራ" ያነሣል፣ ያወርዳል፣ የሱዋ እስክትገኝ እጁ እንዳይሰንፍ። "መጥፎ ዱላ አይደለችም፣ ባለቤቷ ማን ይሆን?" ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮ ስወጣ "ተገኘች?" ይለኛል። "ገና ነች አባዬ" እለዋለሁ። አንደኛው ውሸቴ እጁን ገደለበት፣ ሁለተኛው አነሣለት፤ ይህን ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ብሄድ ምን እንደምናገር አላውቅም።

እጁ እየጠነከረ ነው። ይህንን ሌት ተቀን እለምናለሁ፣ እፈራዋለሁም። ከዘራዋ የማትከብደው ቀን የማን እንደሆነች ያውቃል።

ትናንት ከሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተደግፈው ያያሉ። አባቴ ከዘራዋን አንስቶ የጎን ምከታ አደረገ፣ ቀስ ብሎ፣ ንጹህ። ከዚያ የራስ። ስታርፍ አውራ ጣቱ በራሱ ጊዜ ተንሸራቶ ጎድጓዳዋ ውስጥ ገባ፣ ልክ ሆነ። ቆመ። ጣቱን አወጣ፣ መልሶ አስገባ። ብዙ ጊዜ እጁን ሲያይ ቆየ። ቀና ብሎ መጀመሪያ ጎረቤታችንን፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ፣ ከዘራዋንም ጉልበቱ ላይ አስተኛት።

"ነገም ፈልጊ" አለኝ።